ማኅተሙ አንድ፣ ቃሉ ሁለት

ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ መኪናው ውጫሌ ላይ ለሻይ ቆመ። ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ «ጋሼ፣ ቤዝ ኢሜጁን ቀይሬያለሁ፤ ታጉ ግን ያው ነው።» ልጁ ጎበዝ ፕሮግራመር ነው። ያለሁበትን ከተማ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

*

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ የኢትዮጵያና የኢጣልያ የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ነገሩ የታወቀው ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ጽፈው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በኢጣልያ በኩል ይሁን ብላ በመለሰች ጊዜ ነው፤ 1882 ላይ። ውሉ መሻሩን ለነገሥታቱ ያስታወቁት ደግሞ በ1885። ቀዳዳው ታውቆ እስኪደፈን ሦስት ዓመት።

*

ዶከር ፕሮግራምን «ኢሜጅ» በሚባል ጥቅል አሽጎ የሚያሠራ መሣሪያ ነው። የኢሜጁ ታግ ስም ነው እንጂ ይዘት አይደለም። ዛሬ «ሌተስት» ተብሎ የወረደው ኢሜጅ ከሦስት ወር በፊት በዚያው ስም ከወረደው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ይዘቱን የሚናገረው ከራሱ ከይዘቱ የሚሰላው ሃሽ ነው፦ 64 ፊደልና ቁጥር፣ አንዲት ነጥብ ብትነካ ሌላ የሚሆን። (ለተሳሳተ ትርጉም ግን ሃሽም አይደርስለትም።) ኢሜጁን በሃሹ ጠፍሮ ማሰርም የራሱ ጣጣ አለው፤ የታሰረው ኢሜጅ ከነቀዳዳው ያረጃል።

*

አንድ ባልደረባዬ እየሠራ ያለ ኮንቴይነር (ከኢሜጅ ተነሥቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ፓኬጁን አሻሻለና «አለቀ» አለኝ። ሌሊት ኮንቴይነሩ ወድቆ ከድሮው ኢሜጅ እንደ አዲስ ተፈጠረ፤ ጠዋት የደኅንነት ስካነሩ ያንኑ ቀይ መስመር አወጣ። እርሾው ከተበላሸ ምጣድ ላይ ባለው እንጀራ ምን ይደረጋል? ሊጡ እንደገና ይቦካል እንጂ።

*

አልፓይን የተባለው ትንሽ የሊኑክስ ኢሜጅ ነገር አሁንም ይገርመኛል። በዶከር ሃብ ይፋዊ ኢሜጁ ውስጥ የሩት (የበላይ) ተጠቃሚው ይለፍ ቃል ባዶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ተስተካከለ፣ ከሳምንታት በኋላ በስሕተት ተመልሶ ተከፈተ፣ እስከ 2011 ድረስም እንዲሁ ኖረ። ከሦስት ዓመት በላይ። ሚሊዮኖች የሚያወርዱት ነገር ብዙ ዓይን ያየዋል ይባላል፤ ማውረድና ማየት ግን ለየቅል ናቸው።

*

መጋቢት 6 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ። የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በጥገናና ፍተሻ ጊዜ የተፈጠረ ችግር ነው ተባለ። የማውቃቸው የአይቲ ሰዎች ከዚያ ወዲህ የሚሠራን ነገር መንካት ይፈራሉ፤ አልፈርድባቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ መጋቢት 20፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር ማግኘቱን አስታወቀ። አዲሱን ቀድሞ የወሰደ ተጋለጠ፣ የዘገየው ተረፈ። ሰነፉ ሁሉ «አላልኩም?» አለ። በ2014 የሎግፎርጄ ቀዳዳ ሲፈነዳ ግን ማረሚያው ከወጣ በኋላም ሳያድስ የተኛው ነበር እሳት ውስጥ የገባው፤ ያንን የሚያነሣ የለም።

*

መሠረቱ፣ ቤዝ ኢሜጁ፣ ሲለወጥ ከላዩ የተነባበረው ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ ሁሉም እንደገና ይወርዳል። ሙሉው የፓይተን ኢሜጅ ዲስክ ላይ ሲዘረጋ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል፤ አልፓይን ብቻውን 10 ሜጋባይት አይሞላም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት በዚህ ክልል ተቀምጦ «ቶሎ ቶሎ አድሱ» የሚለውን መመሪያ ማንበብ ቅኔ ነው።

*

ከውጫሌ ወደ ደሴ መለስ ሲሉ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ስሙ የገነነ የመጻሕፍት ገዳም። የብራና ተመራማሪዎች የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚለዩት በጋራ ስሕተታቸው ነው፤ ጸሐፊው ፊት ለፊቱ የተዘረጋውን ግድፈት አምኖ ይገለብጣል። ለሺህ ቅጂ እናቷን ማረም አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ጋ መድረስ ያስፈልጋል።

*

የራሴ ትንሽ ድረ ገጽ ዛሬም ደቢያን ቡስተር በተባለ አሮጌ የሊኑክስ ሥሪት ላይ ነው። ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 አብቅቷል። ለሰው ምክር መስጠት እንዴት ቀላል ነው!

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ለልጁ መለስኩለት፦ «ታጉን ተወው፤ የአሮጌውንም የአዲሱንም ኢሜጅ ሃሽ ላክልኝ።»