ስለ ሁለት በሬዎችና ስለ አንዲት ያገለገለች መኪና

ዕቃ በሚገዛ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከገንዘብ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ዓይን ያየውን ብቻ አምኖ፥ ዓይን ያላየውን ሳይመረምሩ ከመቸኮል የመጣ ነው። እኛ በአምቦ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግል፥ በመኪና ሽያጭ የሚካሰሱ ሰዎችን ክርክር ስንጽፍ ብዙ ዘመን ኑረናል። ከሳሹ «አታለለኝ» ይላል፤ ተከሳሹም «አይቶ ገዛ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ሁሉ በገዛ እጃችን እየጻፍን ሳለ፥ ተራው በቤታችን በደረሰ ጊዜ ከእነርሱ ያልተሻልን መሆናችንን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ሳናፍር እንነግራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን በጌዶ ይኖራሉ። ልባቸውን ስለሚያማቸው በየወሩ አዲስ አበባ ሄደው ለሐኪም መታየት አለባቸው። ከጌዶ ወደ ጉደር ወርዶ፥ አምቦን፥ ጊንጪን፥ አዲስ ዓለምንና ሆለታን አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ድረስ በተጨናነቀ ሚኒባስ መቀመጥ፥ በዕድሜ ለገፋና ለታመመ ሰው እጅግ አድካሚ ነው። አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሰው በቤታችን ጋደም እንዳሉ፥ «ልጄ፥ ከእንግዲህ አልሄድም፤ እግዚአብሔር ባለው ቀን ይውሰደኝ» አሉን። ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣን።

ባለቤታችን የዕቁብ ዕጣ ደርሷት ስለ ነበረ፥ «ቤቱን ማደሱ ይቆይና አነስተኛ መኪና እንግዛ» አለች። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ለእኛ ሳያማክሩ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቻቸውን ሸጠው ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው አመጡልን። እንግዲህ መሬታቸው በሰው በሬ በእኩል ይታረሳል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በከንቱ ቢጠፋ የሚተካ አልነበረም።

በዚህ በምንሄድበት መንገድ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ያሠሩት ክፍል፥ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። አውቶሞቢልም በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠውበታል። በዚያን ጊዜ መኪና የነገሥታት ነገር ነበረ፤ ዛሬ ግን የደመወዝተኛ ባልና ሚስት ምክር ሆኗል። ምክሩም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ እንደ እኛ ያለ ሰው አስቀድሞ በአገር ውስጥ ካሉት መካከል መምረጥ ግድ ሆነበት።

በፊታችን ሦስት ዓይነት መኪና ነበረ። ፊተኛው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ ነው። ቤንዚን ከመግዛት ያሳርፋል፤ ነገር ግን በቤታችን መብራት በጠፋ ማግሥት ለእናታችን ቀጠሮ ብንነሣ ምን እንሆናለን ብለን ፈራን። ሁለተኛው እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ የቤንዚን መኪና ነው፤ መካኒኩም መለዋወጫውም በቅርብ ይገኛል። ሦስተኛው ሃይብሪድ የሚባለው፥ በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተደጋግፎ የሚሄደው ነው። ጃፓኖች ፕሪየስ የተባለውን በ1990 ዓ.ም. ለገበያ ካወጡ ወዲህ ይህ ዓይነት በዓለም ተስፋፍቷል። ፍሬን በተያዘና ቁልቁለት በወረደ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል አመንጪ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ዳገት ሲመጣም ያንኑ መልሶ ይሰጣል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሯ የሳሳ ነው፤ የቤንዚን ሞተርም በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይሻ በዳገት አይደክምም። ቤንዚን የሚቆጥበው ይልቁንም በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ነው፤ በሜዳ መንገድ ሳይቆም ሲሄድ ጥቅሙ ያንሳል። ባትሪው ካረጀም ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባን ይበላል። መንገዳችን ዳገትና ቁልቁለት፥ መድረሻችንም አዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ይህን ሁሉ መዝነን ሃይብሪዱን መረጥን።

አንድ ደላላ ነጭና የምታብረቀርቅ መኪና አመጣልን። የወንበሯ ልብስ አዲስ፥ ሽታዋም የሽቶ ነበረ። «ጌታዬ፥ ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል» ባለን ጊዜ ልባችን ቸኮለ፤ ቀብዱን ለመክፈል እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ባለቤታችን ግን የኋላውን በር ከፍታ፥ «እማማ የሚቀመጡት እዚህ ነው፤ ይመቻቸው እንደ ሆነ ልይ» ብላ የወንበሩን ልብስ ገለጠች። ከወንበሩ ሥር በጎን በኩል፥ በልብሱ የተሸፈነ፥ በአቧራና በገለባ የተደፈነ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አገኘች። «ይህስ ምንድር ነው?» ብላ ጠየቀች። ደላላው፥ «ለጌጥ ነው» አላት።

ይህ መልስ ስላላረካን ቀብዱን ሳንከፍል መኪናዋን ወደ መካኒክ ወሰድናት። መካኒኩ ወጣት ቢሆንም ሙያውን የሚያውቅ ነበረ። «ጋሼ፥ ይህ የባትሪው መተንፈሻ ነው። ማራገቢያው በዚህ አየር እየሳበ ባትሪውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከተደፈነ ባትሪው ይግልና ቶሎ ያረጃል» አለን። ወደ ጉደር ወርደን ስንመለስ የባትሪውን ምልክት እንድናይ ነገረን። በቁልቁለቱ ወዲያው ሞላ፤ በዳገቱም ወዲያው ጎደለ። «ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚጎድል ማሰሮ ትንሽ ማሰሮ ነው» አለ። በኮምፒዩተር ሲመረምረውም የባትሪው ክፍሎች ኃይላቸው የተለያየ ሆኖ ተገኘ። የእናታችንን በሬዎች በአንድ የወንበር ልብስ ልንለውጥ ኑሯል!

ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ታገሥን። ባለቤታችን፥ «ቸኩለን ከምንሳሳት ለሁለቱ ቀጠሮ ኮንትራት መኪና እንያዝ» ስላለች እንዲሁ አደረግን። በመጨረሻ በሩ የተጋጨ፥ ቀለሙም የደበዘዘ አንድ መኪና አገኘን። ባለቤቱ መተንፈሻውን መቼ እንዳስጠረገ ራሱ ነገረን፤ መካኒኩም በዳገትና በቁልቁለት ፈትኖ መሰከረለት። ከዋጋው የተረፈውን ገንዘብ፥ ባትሪው አንድ ቀን ማርጀቱ ስለማይቀር፥ ለዚያ ቀን በባንክ አስቀመጥነው።

በሥራችን ያወቅነውን ደግሞ እንጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢም ዕቃውን እንደ ተቻለው ፈጥኖ መርምሮ፥ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ማንም ሊያየው የሚችለውን ጉድለት አይቶ የገዛ ሰው ግን በኋላ አቤት ቢል ሰሚ አያገኝም። እንግዲህ ገዢ የሆነ ሁሉ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያይ፤ ከመክፈሉም በፊት በመኪናው ላይ ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩን ያጣራ። በጃፓን መኪና በመንገዱ ግራ ስለሚሄድ መሪው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ መሪው ወደ ግራ የተዛወረ እንደ ሆነ ሥራውን በብልኀተኛ ያስመርምር።

በመጀመሪያው ቀጠሮ እናታችንን ከጌዶ ስናወርዳቸው፥ «በሬዎቼ ጭድ ይበሉ ነበር፤ ይህስ ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁን። «ቤንዚን ይበላል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ግን የበላውን መልሶ ይጠቀምበታል» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያስ ያመነዥካል በሉኛ!» ብለው ሣቁ። ከአዲስ አበባም በተመለስን ጊዜ «አልሄድም» አላሉንም፤ «የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?» አሉን እንጂ።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ የቤት አባወራ፥ ከደላላው ቃል ይልቅ የባለቤቱን ጥያቄ ይስማ፤ ከቀለሙም አስቀድሞ በወንበሩ ሥር ያለውን ይመርምር እንላለን።