የዓመቱ ሒሳብ

የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ አዲሱ ዘመን ደግሞ መስከረም 1 ቀን ይብታል። በሁለቱ መካከል ያሉት ሳምንታት ሥራንም ራስንም ለመመርመር የተመቹ ናቸው።

በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም በሚጠራው በውቤ በረሃ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አለችኝ። በዚያው ሰፈር ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት ገንዘብ አጠራቅም ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር፥ ደንበኞቼ አብረው ሄዱ። የዚያን ዓመት መዝገብ ስዘጋ ሽያጩ እጅግ ቀንሶ ነበር።

ያን ጊዜ የአራዳን ታሪክ አሰብሁ። በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ አራዳ ግን በወርቅ ሠሪው፥ በሲኒማውና በኬክ ቤቱ ኑሮውን ቀጠለ።

እኔስ የምደክመው ሁለት ሱቅ እንዲኖረኝ ነውን? ወይስ ልጆቼን ለማስተማርና ጎረቤቴን በእውነተኛ ሚዛን ለማገልገል? ይህን ከለየሁ በኋላ ዕቅዱን መለወጥ አልከበደኝም። ካጠራቀምሁት ከፊሉን ለልጆቼ ትምህርት አዋልሁ፤ በቀረው ርቀው ለሄዱት ደንበኞች በየወሩ በርበሬና ሽሮ አደርሳለሁ። ትርፉ ጥቂት ነው፤ ሆኖም የተበተነውን ጎረቤቴን በየወሩ እጠይቃለሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ በዘንድሮው መዝገብህ ከገባውና ከወጣው ቀጥለህ ለማን ብለህ እንደምትደክም ጻፍ። እርሱን ይዘህ የሚመጣውን ዓመት ዕቅድ አስተካክል።