ጉልበትና ብልሃት በጨዋታ መሣሪያ

ሰው ከሥራው የሚያርፍበትን ጨዋታ ለመፍጠር የደከመው ድካም፣ ሥራውን ለማቃለል ከደከመው ድካም እምብዛም የሚያንስ አይደለም። ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማችን ቡሬ ለዚህ ምስክር ትሆናለች። ከቀትር በኋላ ከቢሮ ወጥተን ወደ ቤታችን ስናዘግም፣ በአንድ ወገን ልጆች መሬቱን ፈልፍለው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ እናያለን፤ በሌላው ወገን ደግሞ መጋረጃ ከተጋረደበት ጠባብ ክፍል የኳስ ሜዳ ጩኸት ይሰማል። ሜዳው ግን በቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ነው፤ ቤቱም ፕሌይስቴሽን ቤት ይባላል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ለአንባቢ ልናቀርበው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የጨዋታ መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ገንዘቡንና ሐሳቡን አስቀድሞ ማፍሰስ የሚገባው የመሣሪያውን ጉልበት ለማበርታት ነው ወይስ አዲስ ብልሃት ለመፈልሰፍ? ጉልበት የምንለው መሣሪያው በአንዲት ሰከንድ ስንት ስሌት እንደሚሠራ፣ ሥዕሉም ምን ያህል እውነተኛውን ነገር እንደሚመስል ነው። ብልሃት የምንለው ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ የአጨዋወት መንገድ ማምጣትን ነው። ጉዳዩ የጃፓንና የአሜሪካ ነጋዴዎች ጉዳይ ነውና ለእነርሱ በተውነው ነበር፤ ነገር ግን በእኅታችን ልጅ በኩል ቤታችን ድረስ መጥቶ የዕቁብ ገንዘባችንን ስለ ወሰደ ዝም ማለት አልሆነልንም።

ይህ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ባጣ ጊዜ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ሁለት አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2፣ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ አግዳሚ ወንበር አስገብቶ የጨዋታ ቤት ከፈተ። መሣሪያዎቹ ከዕድሜያቸው ብዛት የተነሣ ዲስክ ማንበብ እያቃታቸው ሲያስቸግሩ፣ እርሱ ክዳናቸውን ከፍቶ ዓይናቸውን በጥጥና በአልኮል እየጠረገ ያሠራቸዋል። ለመሣሪያው ዓይነት የወጣው የመጨረሻው ፊፋ የ2014ቱ ስለ ሆነ፣ በዚያ ዲስክ ውስጥ ሜሲ እስከ ዛሬ ድረስ ከባርሴሎና አልወጣም። ልጆቹ ግን ይህነን እያወቁ በአንድ ጨዋታ አሥር አሥር ብር እየከፈሉ ይጫወቱ ነበር። እናቱ «የሰው ልጅ ከደብተሩ ታፋታለህ» እያለች ትቆጣዋለች፤ የእርስዋም ነገር እውነት የለውም አንልም፤ ዛሬ ግን ያን አናነሣም።

በ2016 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ባለቀበት ወራት፣ የከተማው ሰው እጅ ገንዘብ በገባበት ጊዜ፣ ልጁ አንድ ቀን ማታ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ መቱ ያሉት ፕሌይስቴሽን 4 አስገብተዋል። የእኛ ልጆችም መኪና ባገኙ ቁጥር ወደዚያ ይሄዳሉ። ብርቱ መሣሪያ ካላመጣሁ ቤቱን መዝጋቴ ነው፤ እባክዎ ይደግፉኝ» አለን። እኛም ከዕቁብ የደረሰንን ገንዘብ አበደርነው። ስናበድረው ጉልበት ያለው መሣሪያ ሁልጊዜ ይሻላል ብለን በልባችን አምነን ነበር። ይህ እምነት በእኛ ብቻ ያለ አይደለም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ከሁሉ የበረታ ኮምፒዩተር ተገዝቶ፣ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ተሸፍኖ ሲቀመጥ፣ ደብዳቤው ሁሉ ግን በአሮጌው ሲጻፍ ያየን ሰዎች ነን።

አዲሱ መሣሪያ በገባ ሰሞን ክፍሉ ሰው አልበቃው አለ። በቴሌቪዥኑ ላይ የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታይ ነበር። ነገር ግን ዕዳውን ለመክፈል የአንዱ ጨዋታ ዋጋ ሃያ ብር ሆነ፤ ያን ጊዜም ታናናሾቹ ልጆች ቀስ በቀስ ቀሩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብና በመብረቅ መካከል መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና መሣሪያው ተቃጠለ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው፤ ስታብላይዘር ግዛ ብለን ገንዘብ ልንጨምርለት ሲገባን፣ ለጊዜው በዲቫይደር ይሠራል ብለን የከለከልነው እኛው ነን። ዕቁባችን በመብረቅ ተበላ ብለን አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣን።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ያነባል። እኛም ስለነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ስናነብ ጉንፔ ዮኮይ ከሚባል ጃፓናዊ ጋር ተዋወቅን። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ኒንቴንዶ ከሚባለው ኩባንያ የገባው የካርታ መሥሪያ መኪናዎችን ለመጠገን ነበር፤ ኒንቴንዶ በ1889 በኪዮቶ ከተማ የተቋቋመ የመጫወቻ ካርታ ፋብሪካ ነበርና። ዮኮይ የያዘው መንገድ ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ከሁሉ አዲስ የሆነውን ዕውቀት ከመፈለግ ይልቅ፣ የቆየውንና ዋጋው የረከሰውን ዕቃ ማንም ባላሰበው ሥራ ላይ ማዋል ይበልጣል ይል ነበር። በ1980 ለሒሳብ ማስሊያ የሚሠራውን ርካሽ መስተዋት ወስዶ የኪስ ጨዋታ ሠራበት። በ1989 ደግሞ ጌም ቦይ የተባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወጣ። ሥዕሉ ቀለም አልነበረውም፤ አረንጓዴ መሰል ደብዛዛ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሴጋ የተባለው ተወዳዳሪ ኩባንያ ባለቀለምና ብርሃን ያለው ጌም ጊር አወጣ። በጉልበት ቢመዘኑ ጌም ቦይ ከፊቱ የሚቆም አይደለም። ዳሩ ግን ጌም ጊር ስድስት የባትሪ ድንጋይ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በሚሆን ጊዜ ይጨርስ ነበር፤ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። በመጨረሻው ጌም ቦይ፣ በኋላ ከመጣው ባለቀለም ወንድሙ ጋር፣ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጌም ጊር ግን ወደ 11 ሚሊዮን ገደማ ቀረ። የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ሬዲዮ የሰማ የገጠር ሰው ይህ ፍርድ አያስደንቀውም።

ይህነን ስናነብ ትዝ ያለን የሀገራችን ነገር ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል ለእንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቅዶላቸው፣ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ሆነች። ከጎሬና ከቡሬ በኩል ቡና በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። መርከቧ አንድ ጊዜ የምትጭነውን ብዙ በቅሎ አይችለውም። ሆኖም መርከቧ የምትመጣው ወንዙ በሞላበት ወራት ብቻ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ጉልበቷ ሁሉ ከንቱ ነበር። የመርከብ ጉልበት ያለ ውኃ፣ የፕሌይስቴሽን 4 ጉልበትም ያለ ደኅና መብራት፣ አንድ ናቸው ብለን በደብተራችን ጻፍን፤ ዮኮይንም ወዳጃችን አደረግነው።

እንግዲህ ነገሩ ተፈረደ ብለን ለእኅታችን ልጅ በኩራት አወራነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኅዳር ወር ላይ የወጡትን የሁለቱን መሣሪያዎች ታሪክም ጨመርንለት። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 እጅግ ብርቱ ነበር፤ በአሜሪካም ዋጋው እንደየዓይነቱ 499ና 599 ዶላር ነበር። የኒንቴንዶ ዊ በጉልበት ከእርሱ ብዙ ያንስ ነበር፤ ዋጋውም 250 ዶላር ነበር፤ ነገር ግን ተጫዋቹ እጁን ሲያወናጭፍ መሣሪያው እንቅስቃሴውን ስለሚያውቅ፣ ጨዋታ ነክተው የማያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች ሳይቀሩ ተነሥተው ተጫወቱበት። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን ጥቂት ቢያልፍ ነው።

ልጁ እስክንጨርስ ታግሦ ሰማንና፣ «ጋሼ፣ ቡሬ ውስጥ ዊ የሚባል አይተው ያውቃሉ?» አለን። አላየንም። «እኔም አላየሁም። ቢመጣስ ማን ይጠግነዋል? ዲስኩንስ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ እርስዎ ደካማ የሚሏት ይቺ ፕሌይስቴሽን 2 በጊዜዋ ብርቱ ነበረች እኮ።»

ልንመልስለት ሞከርን፤ ግን እውነቱን ነው። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ስትወጣ በጉልበቷ የተደነቀች፣ ዲቪዲ ፊልም የምታሳይ ነበረች፤ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። በአንጻሩ ከእርስዋ አስቀድሞ በ1998 የወጣው የሴጋ ድሪምካስት ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ በሆዱ ይዞ የመጣ፣ አዲስ ሐሳብ የሞላበት ነበር፤ ነገር ግን በ2001 ሥራው ቆመ። ወዳጃችን ዮኮይ ራሱ በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ፣ ዓይንን አስጠግተው የሚያዩበት ባለቀይ ብርሃን መሣሪያ አውጥቶ አንድ ሚሊዮን ሳይሸጥለት ቀረ። ኒንቴንዶም ከዊ በኋላ በ2012 ያወጣው ዊ ዩ ወደ 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ተሸጠ። ብልሃት ሁሉ የሚበላ እንጀራ አይሆንም።

ሆኖም ከልጁ ጋር ብንከራከርም ሐሳባችንን ፈጽመን አልለወጥንም፤ አስተካከልነው እንጂ። የፕሌይስቴሽን 2 ጉልበት ለቡሬ የደረሰው፣ ጉልበት መባሉ ቀርቶ፣ ዋጋው ወድቆ፣ ጥጥና አልኮል የያዘ ልጅ ሊጠግነው የሚችል ከሆነ በኋላ ነው። አንድ ፋብሪካ ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ብርታት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የማንም ተራ ዕቃ መሆኑ አይቀርም፤ ጊዜ ራሱ በነጻ ያመጣዋል። አዲስ የአጨዋወት መንገድ ግን ሰው ካልፈለሰፈው በጊዜ ብዛት አይመጣም። ስለዚህ ፋብሪካው ማስቀደም የሚገባው ብልሃትን ነው ብለን እናምናለን፤ ይኸውም ብዙ ሰው የሚደርስበትን፣ ኪስም መብራትም የማይፈታተን ብልሃት ነው። ኒንቴንዶ በ2017 ያወጣው ስዊች ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን፣ ውጭ ደግሞ በእጅ ተይዞ የሚሠራ በመሆኑ፣ በጉልበት ከጊዜው ባልንጀሮቹ እያነሰ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የገበጣው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይገርመናል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ከመቶ በላይ ቆጥረዋል፤ መሣሪያው ግን ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው።

የእኅታችን ልጅ ግን ክርክሩን ለእኛ ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከተቃጠለው መሣሪያ በኋላ የቀሩትን ሁለቱን አሮጌዎች ጠራርጎ፣ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ሠንጠረዥ አሰመረ፤ ስምንት ልጆች መጠነኛ መግቢያ እየከፈሉ በዕጣ ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈ ይወጣል፤ ያሸነፈ እስከ ፍጻሜው ይቀጥላል። የአንዱን ጨዋታ ዋጋ ወደ አሥር ብር ስለ መለሰው ታናናሾቹ ተመለሱ፤ መጫወቻ የሌላቸውም ቆመው ይደግፋሉ። አንድ ቅዳሜ ስናልፍ ጩኸቱን ሰምተን ገባንና፣ ወንበር አጥተን እኛም ቆመን አየን። ወደ መቱ የሚሄደው ልጅ ቀርቶ፣ ከጎሬ መጥቶ የተመዘገበ ነበር።

ከብድራችን እስከ ዛሬ ግማሹን መልሷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቤታችን መጥቶ፣ የተቃጠለውን መሣሪያ ከቁም ሣጥናችን ላይ አንሥቶ እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል ይላሉ። ይህን ላስጠግነው ወይስ በገንዘቡ ሁለት ጆይስቲክ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀን።

አስቀድመህ ስታብላይዘር ግዛ አልነው። ሳቀና መሣሪያውን ወደ ቦታው መለሰው፤ የቅዳሜው ዕጣ ገና አልወጣም ነበርና ተነሥቶ ሄደ።