ከመዝገብ የተፋቀ ስም

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። የነጋዴ ስም ግን በሰው አፍ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶትና ማኅተም ተመትቶበት የሚቀመጥ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ነጋዴ በንግድ መዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ፤ የዚህን ሕግ አብዛኛውን ክፍል የተካው የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግም መዝገቡን አልተወውም።

መንግሥት የነጋዴን ስም የሚጽፈው ለምንድር ነው? ብዙ ሰው ለግብር ነው ብሎ ይመልሳል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። መዝገብ ለገዢው የተሰጠ የምስክር ቃል ነው፤ «ይህ ሰው ማን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ብትፈልገውም አድራሻው ይኸውልህ» ማለት ነው። እንግዲህ ስምን ከመዝገብ መፋቅ ይህን ምስክርነት መልሶ መውሰድ ይሆናል።

ምስክርነቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በአውቶሞቢል ንግድ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሽንኩርት ስትገዛ የተታለለች እመቤት የምታጣው የአንድ ቀን ወጥ ነው፤ በማግሥቱም ከሌላዋ ትገዛለች። መኪና የሚገዛ ሰው ግን የብዙ ዓመት ቍጠባውን፣ የዕቁቡን ዕጣና ከዘመድ የተበደረውን ገንዘብ በአንድ ቀን አሳልፎ ይሰጣል። የሚገዛውንም ነገር ውስጡን አያየውም። ቀለሙ ሲያብረቀርቅ ያያል እንጂ ሞተሩ ምን ያህል እንደ ደከመ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ሆነ፣ የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋራ መስማማቱን፣ መኪናውም በባንክ ዕዳ መያዝ አለመያዙን በዓይን ብቻ ሊያውቅ አይችልም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዘንብሏል፤ የባትሪ ድካም በጆሮ አይሰማም፣ እንደ ጭስም አይታይም። ስለዚህ ገዢው ከመኪናው ይልቅ ሻጩን ለማመን ይገደዳል።

ታዲያ ሻጩ ይህን እምነት የሚያጣው እንዴት ነው? የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ምዝገባንና ፈቃድን ለይቶ ያያቸዋል። ምዝገባው ነጋዴው ማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ፈቃዱ ደግሞ ምን እንዲሠራ እንደ ተፈቀደለት ይናገራል። በሐሰተኛ ማስረጃ የተመዘገበ ሰው ሐሰቱ የታወቀ ዕለት ስሙ ይሰረዛል። የከሰረ፣ ሥራውን የተወ፣ ወይም እንዳይነግድ በሕግ የተከለከለ ሰውም እንዲሁ ነው። ፈቃዱን በጊዜው ያላደሰ ያጣዋል። ፈቃዱን ላልተፈቀደለት ሥራ የተጠቀመበት ወይም ጉድለት የተገኘበት ነጋዴ ይታገዳል፤ የታገደበትን ጉድለት ሳያርም ቢቀር መሰረዝ ይከተላል። ፈቃዱን ለሌላ ሰው አከራይቶ ማስነገድም ክልክል ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለ ፈቃድ የሚነግድ ቢገኝ በገንዘብና በእስራት ይቀጣል።

ይህን አንብቦ ሕጉ ምንም አልቀረው የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ይሁንና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጎረቤቴ ሌላ ነገር አሳሰቡኝ። እኒህ ሰው ለልጃቸው የሥራ መኪና ለመግዛት ለአንድ ነጋዴ ቀብድ ከፍለው፣ መኪናው ከወር ወር ይመጣል ሲባሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሱቁ ተዘግቶ አገኙት። ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢሄዱ የነጋዴው ፈቃድ መሰረዙ ተነገራቸው። ማታ በደጃቸው ተቀምጠው ሳለ፣ «ልጄ፣ ስሙን ፋቁት፤ መልካም አደረጉ። የእኔን ገንዘብ ግን በየትኛው መዝገብ ጻፉት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ውልና ደረሰኝ ስላለዎት ፍርድ ቤት ይሂዱ» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ሄዱም። ክሱ ገና አልተቈረጠም፤ ልጁም በሰው ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል።

የመምህሩ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ፈቃድ መሰረዝ ለሚመጣው ገዢ በር ይዘጋለታል፤ ለተበደለው ግን ገንዘቡን አይመልስለትም። ለእርሱ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በዚህ ረገድ የአውስትራልያዋ ቪክቶሪያ ያደረገችውን መመልከት ይጠቅማል። በዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የወጣ የአውቶሞቢል ነጋዴዎች ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት ነጋዴዎች ከሚከፍሉት የፈቃድ ገንዘብ የዋስትና ሣጥን ተቋቁሟል፤ ነጋዴው ግዴታውን ሳይፈጽም በመቅረቱ የተጎዳ ገዢ ሕጉ በሚፈቅደው ልክ ከዚህ ሣጥን ካሣ ሊያገኝ ይችላል። በእርሱ ጥፋት ሣጥኑ የከፈለበት ነጋዴም እንደ ቀድሞው ፈቃድ ይዞ መቀጠል አይችልም፤ ለመቀጠል ቢፈልግ ፈቃድ ሰጪውን ክፍል በልዩ ማስፈቀድ አለበት። እንግዲህ የተበዳዩ ካሣና የበዳዩ መሰረዝ በአንድ ገመድ ታስረዋል ማለት ነው። ሐቀኛው ነጋዴም በመዋጮው የሚጠብቀው የገዢውን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የራሱንም ስም ነው።

የሰው አገር ሕግ እንዳለ ይገልበጥ ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ገበያ የራሱ ጠባይ አለው። ነገር ግን ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ሲሰረዝ የቀብዱ ነገር አብሮ የሚታሰብበት መንገድ ቢበጅ፣ መሰረዝ ከቅጣትነት አልፎ ፍትሕ ይሆናል። ደግሞም የተሰረዘ ስም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ተሰውሮ ቢቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው። ሰሌዳውን ለውጦ፣ ሌላ ማኅበር አቋቍሞ በሌላ ሰፈር ብቅ የሚል ሰው የሚታወቀው፣ የሰዎቹ ስም ከማኅበሩ ስም ጋራ አብሮ ሲመረመር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያው የእኛም ድርሻ አለ። የንግድ ፈቃድ በሱቅ ውስጥ በግልጽ እንዲሰቀል ሕግ የሚያዝዘው ለጌጥ አይደለም፤ እንዲነበብ ነው። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ስሙን፣ ቁጥሩንና የታደሰበትን ዓመት እናንብብ፤ ደላላው ሳይሆን መዝገቡ ይንገረን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ሁሉ፣ ግማሽ ቀን ወስዶ መዝገብ ያስመረመረ ሰው የብዙ ዓመት ድካሙን ሊያድን ይችላል።