ኢሚዲየት ማለት ቶሎ ማለት አይደለም

እናቱን ወይም ሚስቱን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ፕሮሰስ የጀመረ ሰው «የእኔ እኮ ኢሚዲየት ነው» ማለቱ አይቀርም። ሰሚውም «እሰይ! ለፋሲካ ይደርሳሉ በለኛ» ይለዋል። ፋሲካው ያልፋል፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ እናት አሁንም ጎንደር ናቸው። ከዚያ ጠበቃውን መጠርጠር ይጀመራል።

ጠበቃው ምንም ላያጠፋ ይችላል። አለቃችን «ኢሚዲየትሊ» ሲለን አሁኑኑ ማለቱ ስለሆነ ጆሯችን የያዘው ፍጥነቱን ብቻ ነው። ቃሉ ከላቲን ሲመጣ ግን ትርጉሙ «መሃል የሌለው» ነበር። ስለ ጊዜ ሲነገር መሃል ላይ ቆይታ የለም፤ ስለ ቦታ ሲነገር ግድግዳ ለግድግዳ መጋጠም ነው፤ ስለ ዘመድ ሲነገር ደግሞ በሁለቱ መሃል ሌላ ሰው አልገባም። እዚህ አሜሪካ የሚሰጠውን የሞት ምስክር ወረቀት አይታችሁ ከሆነ፣ ስለ ሞቱ ምክንያት የሚጠይቀው ክፍል የሚጀምረው «ኢሚዲየት ኮዝ» በሚል መስመር ነው። እዚያ ላይ የደም መመረዝ ይጻፋል፤ ከሥሩ ይህን ያመጣው የእግር ቁስል፣ ከዚያ በታች ደግሞ ቁስሉን ያመጣው የቆየ ስኳር ይከተላል። ሰውየውን ለዓመታት ቀስ እያለ የጨረሰው ስኳሩ ነው፤ ኢሚዲየት የሚባለው ግን ከሞቱ ጋር ድንበር የሚጋራው ነው።

የኢሚግሬሽን ሕጉም ቃሉን የወሰደው በዚህ ፍቺው ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ሕግ የአሜሪካ ዜጋ «ኢሚዲየት ሬላቲቭ» ያላቸው የትዳር ጓደኛውን፣ 21 ዓመት ያልሞላውንና ያላገባውን ልጁን፣ እንዲሁም ወላጆቹን ነው። ለወላጅ የሚያመለክት ዜጋ ራሱ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። እነዚህ ዘመዶች ዓመታዊ ኮታ የለባቸውም። ጥቅሙ ይኸው ነው እንጂ ፕሮሰሱ አይቀርላቸውም። አይ-130 የሚባለው ፎርም ተራውን ጠብቆ ይታያል፤ ሲፈቀድ ወደ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል ያልፋል፤ የስፖንሰር ወረቀትና የታክስ ማስረጃ ይቀርባል፤ ከወሳኝ ኩነት የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ ሕክምናው አለ፤ መጨረሻ ላይ የኤምባሲው ኢንተርቪው አለ። ይህ ሁሉ ከዓመት በላይ ቢፈጅ የሚገርም አይደለም።

ወንድምና እህት ደግሞ ኢሚዲየት አይደሉም። ይሄ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ እኔ ግን ያን ያህል አልቆጣም። ቃሉን እንዳለ ከወሰድነው ከወንድምህ ጋር የምትገናኘው በእናትህና በአባትህ በኩል ነው፤ መሃል ሰው አለ። ምድቡ አራተኛ ነው። ለዓለም ሁሉ በዓመት የተመደበው 65,000 ቪዛ ሲሆን የወንድምና የእህት ሚስት፣ ባልና ልጆች ሳይቀሩ ከዚያው ላይ ይቆጠራሉ። ወረፋው አሁን ከ15 ዓመት በላይ ነው። ተማሪ ሳለ ያመለከትክለት ወንድምህ የልጆች አባት ሆኖ ይመጣል። አያት ጭራሽ ምድብ የላትም። አክስትም እንደዚያው፣ ጡት ከማስጣል ጀምሮ ያሳደገችህ ብትሆንም። ሕግ ፍቅርን አይለካም፣ ይለካ ብንለውም አይችልም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ዜግነት ያገኘች ልጅ ለእናቷ አመለከተች እንበል። እናት ጋ የ12 ዓመት ታናሽ ወንድም አለ። ቤተሰቡ በሙሉ «ሕፃን አይደል እንዴ፣ ከእናቱ ጋር ይመጣል» ይላል። አይመጣም። በኮታ ምድብ ውስጥ ያለ ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን አስከትሎ መግባት ሲችል፣ ኢሚዲየት የተባለ ግን ማንንም አያስከትልም። እናት ብቻቸውን ይገባሉ፣ ግሪን ካርድ ይይዛሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ለልጃቸው ያመለክታሉ፤ ያኛው መንገድ ደግሞ ኮታ አለው፣ ወረፋ አለው። እስከዚያ ልጁ ማን ጋ ይደር? እናት ተመልሰው አብረውት ልክረም ቢሉ፣ አሜሪካ መኖር ትተዋል ተብሎ ግሪን ካርዳቸው ጥያቄ ውስጥ ይገባል። መሃል የሌለው ዝምድና በእናትና በ12 ዓመት ልጅ መሃል ውቅያኖስ ሲያስገባ ይሄን ሕግ ያረቀቀው ሰው ልጅ አሳድጎ ያውቃል ወይ ያሰኛል።

ተመሳሳይ ወጥመድ ዜግነት የሚያገኘውንም አባት ይጠብቀዋል። ግሪን ካርድ ሳለው ለሚስቱ ባስገባው አንድ ፋይል ሁለቱ ልጆቹም ተከትለው ይሄዱ ነበር። ቃለ መሐላ ፈጽሞ፣ ባንዲራ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ «እንግዲህ ኢሚዲየት ሆናችሁ» ብሎ ይደውላል። እውነት ነው፣ ሆነዋል። ስለሆኑም ልጆቹ ከእናታቸው ፋይል ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የተለየ አይ-130 ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ ኢንተርቪው የደረሰ ቤተሰብ መስኮቱ ላይ «የልጆቹስ ማመልከቻ?» ይባላል።

ሰርግም አለ። አባቱ ገና ግሪን ካርድ ላይ ሳለ ያመለከተለት ልጅ ወረፋው ሳይደርስ ካገባ ማመልከቻው ይሰረዛል፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ላገባ ልጅ የሚያመለክትበት ምድብ የለም። አዲስ አበባ ሽማግሌ ሲላክ ቨርጂኒያ ያለው ፋይል እንደሚነካ ማን ያስባል? በዕድሜ በኩል ግን ነገሩ ትንሽ ይሻላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፤ ወላጁ ዜጋ ከሆነና ልጁ 21 ዓመት ሳይሞላው ፎርሙ ከገባ ዕድሜው በዚያው ቀን ይቆማል፤ ፕሮሰሱ ቢጓተት አይጎዳውም። ካገባ ግን እዚህም ኢሚዲየት መሆኑ ይቀራል። «ልጄ ናት» ብለን ያሳደግናት የእህት ልጅም በጉዲፈቻ መልክ፣ በደንቡ መሠረት፣ በጥቅሉ 16 ዓመት ሳይሞላት ካልተወሰደች መስኮቱ ላይ ልጅ አትባልም።

ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ልታመለክቱ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ እቤት የቀረው ትንሹ ልጅ ዕድሜው ስንት እንደሆነና ማን ጋ እንደሚቆይ ተነጋገሩ። የዜግነት መሐላ ቀን የተቆረጠላችሁ፣ ከዚያ በፊት በአንድ ፋይል ያስገባችኋቸው ልጆች ካሉ ለየብቻ አይ-130 አዘጋጁላቸው። ልጁን ሊድር የተዘጋጀ ካለም ቀኑን ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። የምትጠይቁትም ፎርም የሚሞላላችሁን ሰው ሳይሆን ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሁን።