የሚኒያፖሊስ አኳሪየም፣ የመልካ ጀብዱ ሮቶ

እዚህ ሚኒያፖሊስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም ሊያስገባ ነው። ዓሣ ገና አልገዛም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ወለሉ ነው። 125 ጋሎን የሚይዝ ገንዳ ከነመስታወቱ፣ ከነጠጠሩና ከነውኃው ከ600 ኪሎ ይበልጣል። ቤቱ እንደ አብዛኛው የዚህ አገር ቤት የእንጨት ነው፤ ወለሉ ያረፈው በየ40 ሳንቲ ሜትሩ በተደረደሩ አግዳሚዎች ላይ ነው። ሰውየው ባትሪ ይዞ ምድር ቤት ወረደና አግዳሚዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ አየ። ገንዳው እነሱን ተከትሎ ከተቀመጠ ሸክሙ በአንድ ሁለቱ ላይ ይወድቃል፤ አቋርጧቸው ከተቀመጠ ግን አራት አምስቱ ይካፈሉታል። ከዚያ ኢንጂነር ጠራ፤ ለኢንሹራንሱም ደወለ።

ይህን ሁሉ ስሰማ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ ያለው የቤተሰቦቼ ቤት ነው። አኳሪየም የለንም፤ ሮቶ ግን አለን። ጥቁር፣ ባለ 2,000 ሊትር፣ ሶሌታው ላይ ጉብ ያለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ሲሞላ 2 ቶን ይሆናል፤ የባልደረባዬን ገንዳ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ያውም ከሰው ራስ በላይ። ሲሰቀል የተጠየቀው «መስመሩ እላይ ድረስ ይገፋል ወይ?» የሚል ብቻ ነበር። ሶሌታውን የጠየቀ የለም።

ይህን ድንቁርና የሚል ሰው በፈረቃ ውኃ ኖሮ አያውቅም። ውኃው በሌሊት መጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ሮቶ የሌለው ቤት ጀሪካን ይዞ ሲዞር ይውላል። አኳሪየም ጌጥ ስለሆነ ሰው ቆም ብሎ ያስባል፤ ሮቶ ግን የግድ ነው፣ ለግድ ነገር ደግሞ ኢንጂነር የሚጠራ ጥቂት ነው።

የሚገርመው ደንቡ አለመለያየቱ ነው። እዚህ የመኖሪያ ቤት ወለል የሚታሰበው በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። የኛው የሕንፃ ደንብም ለመኖሪያ ቤት ወደ 200 ኪሎ ያስባል። ውኃ ሁለቱንም ይጥሳል። ዋናው ቁመቱ ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ቢረዝምም ቢያጥርም ከሥሩ ባለው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 600 ኪሎ ያሳርፋል፤ ሜትር ተኩል የቆመ ሮቶ ደግሞ ቶን ተኩል። ታዲያ ሁሉም ቤት ለምን አይወድቅም? ደንቡ የሚያስበው ወለሉ በሙሉ ባንዴ እንደተጫነ አድርጎ ነው፤ ሶሌታው ላይ ግን ከሮቶው በቀር ያለው የልብስ ገመድ ነው። ብዙ ቤት የሚተርፈው በዚህ ትርፍ ነው እንጂ በስሌት አይደለም።

ወንድሜ የሚያሠራው ፎርማን ስሌቱን ባይጽፈውም መልሱን ያውቃል። በስልክ ብጠይቀው ድሬ አንቱታ አያውቅምና «አቦ አንተ ደግሞ! ኮለን ላይ አድርገው፣ በቃ» አለኝ። ልክ ነው። ኮለኑ ራስ ላይ፣ ወይም ከቢም ቢም በተዘረጋ መደብ ላይ ማሳረፍ አግዳሚዎቹን እንደማቋረጥ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ቬራንዳው ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠፈሩ ላይ ከመጣ ወዲህ ክፍል የሚያከራየው በዝቷል፤ ፎቅ የሚጨምረውም እንዲሁ። ሮቶውም ለቧንቧ ይቀርባል ተብሎ ከግድግዳው ወጣ ባለው የሶሌታ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ያ ጫፍ ከሥሩ ኮለን የለውም። ሸክም ሲያገኘው የሚለጠጠው የላይኛው ፊቱ ስለሆነ ፌሮውም ከላይ መሆን አለበት። አርማታ ሲሞላ ግን ባሬላ የተሸከሙ የቀን ሠራተኞች በላዩ ይመላለሳሉ፤ ፌሮው ተረግጦ ወደ ታች ይሰምጣል፣ አርማታው ይሸፍነዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም። የእንጨት ወለል ሲከብደው ሲጢጥ ይላል፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቃጨላል። የቬራንዳ ስንጥቅ ግን የሚጀምረው ከላይ ነው፣ ምናልባትም እዚያው ሮቶው ሥር።

መሬቱም ዝም አላለም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ቤት ሲወዛወዝ ከላይ የተሰቀለ 2 ቶን ኮለኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ በቀጭን አንግል ብረት ማማ ላይ ያለውንማ አለማሰብ ይሻላል።

ለቤተሰቤ ያቀረብኩት ሐሳብ ትልቁ ሮቶ ምድር ላይ ይውረድ፣ እላይ ባለ 500 ሊትር ብቻ በኮለን ራስ ይቀመጥ የሚል ነው። ውኃው በፈረቃ መጥቶ ምድር ላይ ይጠራቀማል፣ መብራት ባለበት ሰዓት ፓምፕ ትንሹን ይሞላዋል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ለዕለት የሚሆን አይታጣም። የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛዋልና ሥሩ የነጣውን ሮቶ ለማጠብ መሰላል መውጣትም ይቀራል። እናቴ ግቢው ይጠባል ብላ ትንሽ አንገራገረች፤ ወንድሜ ግን ወዲያው ተስማማ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «ፓምፑን መቼ ትልካለህ?»