ሺዙኦካ፦ አውሮፕላን በጠረጴዛ ላይ የሚሠራባት ከተማ

ጃፓንን ከቤተሰብዎ ጋር ለመጎብኘት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጡልዎት ቶኪዮና ኪዮቶ ናቸው። በሁለቱ መካከል በሚሮጠው ፈጣን ባቡር ሲጓዙ ግን፣ የፉጂ ተራራን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ፣ ብዙው ቱሪስት ሳይወርድባት የሚያልፋት አንዲት ከተማ አለች። ሺዙኦካ ትባላለች። ከቶኪዮ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ «ሂካሪ» በተባለው ባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ጃፓኖች የሚያውቋት በአረንጓዴ ሻይዋ ነው። ያገኘውን ሁሉ ፈታትቶ መልሶ የሚገጣጥም ልጅ ካለዎት ግን ወደዚህች ከተማ የሚጠራዎት ሌላ ነገር ነው።

ሺዙኦካ ራሷን «የዓለም የሞዴል መዲና» ብላ ትጠራለች። ማጋነን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የጃፓን የፕላስቲክ ሞዴል ምርት በዋጋ ሲሰላ ከ80 በመቶ በላዩ የሚወጣው ከዚህ ነው። በዓለም ዙሪያ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ስማቸው የሚጠራው ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ መቀመጫቸው በሺዙኦካና በአካባቢዋ ነው። ከተማዋም ይህን አትደብቅም። መንገድ ላይ የፖስታ ሣጥን ወይም የሕዝብ ስልክ ያያሉ፤ ዙሪያውን ሲመለከቱት ግን ክፍሎቹ ገና ከፍሬማቸው ያልተቆረጡ፣ ግዙፍ የሞዴል ኪት መስሎ የተሠራ ነው። ልጆች ፎቶ ሳይነሱ አያልፉትም።

አንድ ነገር ግን ወላጅን ያሳስበዋል። በሱቆቹ መደርደሪያ ላይ ካሉት ሣጥኖች ብዙዎቹ የጦር አውሮፕላን፣ ታንክና የጦር መርከብ ሥዕል ያለባቸው ናቸው። «ለልጄ ይህን መግዛቴ ትክክል ነው?» ብለው ቢያመነቱ አይፈረድብዎትም። ሺዙኦካ ለጥያቄዎ መልስ አላት፤ መልሱን ለማግኘት ግን ከባቡር ጣቢያው ተነሥተው በሰሜን በኩል እስካለው ኮረብታ ድረስ በእግርዎ መሄድ ይኖርብዎታል።

ከእንጨት የተወለደ ሙያ

ጉብኝትዎን ከጣቢያው ደቡብ መውጫ አጠገብ ከሚገኘው «ሺዙኦካ ሆቢ ስኩዌር» ይጀምሩ። የአካባቢው አምራቾች ሥራዎቻቸውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አሰልፈው የሚያሳዩበት ቦታ ነው። ልጆቹ እዚያ እያዩ ሳለ «ለምን እዚህ ከተማ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨት ነው። ጃፓንን አንድ ያደረገው ሾገን ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1607 የጡረታ ዘመኑን ለማሳለፍ ወደዚህች ከተማ መጣ። ከእርሱም በኋላ የነገሡት ዘሮቹ የሰንገንን የሺንቶ ቤተ መቅደስ ደጋግመው አሠሩ። ዛሬ የሚታየው ሥራ በ1804 ተጀምሮ ስልሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ከየአገሩ የተጠሩ አናጢዎች፣ ቀራጮችና ቀለም ቀቢዎች ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ሙያቸውም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ከተማዋ በእንጨት ሥራ ታወቀች።

በ1924 አውሮፕላን አብራሪ የነበረ አንድ ሰው የአኦሺማን ድርጅት መሠረተ፤ ድርጅቱም ውሎ አድሮ ለልጆች የእንጨት አውሮፕላን ሞዴል ማምረት ጀመረ። ታሚያ ደግሞ በ1946 ሲቋቋም የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። በ1951 እሳት ተነሥቶ ድርጅቱን አወደመው። ከእሳቱ በኋላ የእንጨት ንግዱን እየተወ ፊቱን ወደ ሞዴል አዞረ። የፕላስቲክ ሞዴል ከውጭ ገብቶ የእንጨቱን ገበያ ሲሻማው፣ በ1960 እርሱም «ያማቶ» የተባለችውን የጦር መርከብ የመጀመሪያው የፕላስቲክ ሥራው አድርጎ አወጣ። ቁሱ ተለወጠ እንጂ የእጁ ጥንቃቄ ያው የጥንቱ የአናጢዎች ነው።

ከእውነተኛው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያነሰ

የሞዴል አውሮፕላን በልዩ ልዩ መጠን ይሠራል። ለጀማሪ የሚመከረው 1/72 በመዳፍዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከትልልቆቹ አንዱ ደግሞ 1/32 ነው፤ ይኸውም የእውነተኛው አውሮፕላን ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሞዴሉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ታሚያ በዚህ መጠን የእንግሊዙን ስፒትፋየር፣ የአሜሪካኖቹን ሙስታንግና ኮርሴር፣ የጃፓኑንም ዜሮ አውጥቷል።

ዜሮን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እንደኛው ጃፓኖችም የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር ነበራቸው። በአውሮፓ 1940 በነርሱ 2600 ስለነበረ፣ በዚያ ዓመት የባሕር ኃይላቸው የተቀበለው ተዋጊ አውሮፕላን ከመጨረሻው ቁጥር ተነሥቶ «ዜሮ» ተባለ። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ነው፤ በሞዴሉ 37.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የምግብ ጠረጴዛዎን ግማሽ ለጥቂት ሳምንታት ይይዝብዎታል ብለው ያስቡ።

ሣጥኑ ሲከፈት አውሮፕላን የሚመስል ነገር አያገኙም። የሚያገኙት ፍሬ በቅርንጫፍ ላይ እንደሚንጠለጠል በፕላስቲክ ፍሬም ላይ የተያያዙ፣ ቁጥር የተሰጣቸው በርካታ ትንንሽ ክፍሎችና አንድ የመመሪያ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በመቁረጫ ይቆረጣል፤ በመጀመሪያ ትንሽ ትርፍ ተትቶ፣ ቀጥሎ ትርፉ በጥንቃቄ ተነሥቶ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ማጣበቂያው እንደ ሙጫ በመካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ጥቂት አቅልጦ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ቀጭን ፈሳሽ ነው። በብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያውን ሲነኩት ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። ቸኩሎ የነካ ሰው የጣቱ አሻራ ለዘለዓለም በክንፉ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአብራሪው ክፍል ነው። በ1/32 መጠን የሰዓቶቹ መርፌ ሳይቀር ይታያል። የሞተሩ አሥራ አራት ሲሊንደሮች ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። ወንበሩ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ያንን ወንበር በወረንጦ ይዘው ወደ ብርሃን ሲያነሡት በላዩ ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረው ያያሉ። ልጅዎ «ለምን ተበሳሳ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱን ያንብቡለት። ዜሮ ረጅም ርቀት እንዲበርና በአየር ላይ እንደ ልብ እንዲታጠፍ ከወንበሩ ሳይቀር ክብደት ተቀነሰለት። አብራሪውን ከኋላ ከጥይት የሚከላከል ብረት አልተደረገለትም። የነዳጅ ጋኖቹም ሲመቱ ቀዳዳቸውን የሚደፍን ሽፋን አልነበራቸውም። ጦርነቱ ሲገፋ ይህ ቅልጥፍና ብዙ ወጣት አብራሪዎችን ሕይወታቸውን አስከፍሏል። ፊልም ይህን በሁለት ደቂቃ ያሳይዎት ይሆናል። ወንበሩን በራሱ እጅ የቀባና ያጣበቀ ልጅ ግን እዚያ የተቀመጠ ሰው እንደነበረ አይረሳም። ትልቁ መጠን ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ያዘገያል፣ ያዘገየውንም ሰው ያስጠይቀዋል።

ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለው ደረጃ

አሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሂዱ። ከጣቢያው ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ከተጓዙ የሰንገን ቤተ መቅደስ ይደርሳሉ። በቀይ ቀለምና በወርቅ ያሸበረቁትን ቅርጻ ቅርጾች ልጆቹ በደንብ ይመልከቱ፤ የከተማዋ የሞዴል ሙያ አያት እነርሱ ናቸው። ከዚያም ወደ ኋላ ዞረው ወደ ሺዙሃታ ተራራ የሚያወጣውን ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ ይውጡ። አያቶች ከመጡ ቀስ ብለው ይውጡ፤ እያረፉ መውጣት ይቻላል።

ከላይ ከተማዋ በሙሉ ከእግርዎ በታች ትዘረጋለች። ይህች የሚያይዋት ከተማ በ1945፣ ከሰኔ 19 ወደ 20 በሚያነጋው ሌሊት፣ በአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተቃጥላለች። ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሞተ። በዚያው ሌሊት ከአውሮፕላኖቹ ሁለቱ በሰማይ ላይ ተጋጭተው ወደቁ፤ በውስጣቸው የነበሩት 23 አሜሪካውያንም ሞቱ።

ፉኩማትሱ ኢቶ የተባለ የአካባቢው ሰው፣ የጎረቤቶቹ ቤት ገና እየጨሰ ሳለ፣ የአሜሪካኖቹን አስከሬን ከከተማዋ ሙታን ጋር ቀበረ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ የሞተበት ሰው በሞላበት መንደር ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ዛሬ በተራራው ላይ ለከተማዋ ሙታንና ለአብራሪዎቹ የቆሙ ሁለት መታሰቢያዎች አሉ። በየዓመቱ በሰኔ ወር ጃፓናውያንና አሜሪካውያን እዚያ ይሰበሰባሉ። ከወደቀው አውሮፕላን ከተገኘ በእሳት ከጠቆረ የውኃ ኮዳ፣ ለሙታኑ መታሰቢያ መጠጥ ያፈሳሉ።

እዚህ ሲደርሱ የጠዋቱ ጥያቄዎ መልስ ያገኛል። በጦር አውሮፕላን የተቃጠለች ከተማ የጦር አውሮፕላን ሞዴል ሠርታ ለዓለም ትሸጣለች። ሁለቱን የሚያገናኝ ደረጃ ግን አላፈረሰችም። ሣጥኑን ለልጅዎ መግዛትዎ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ሣጥኑን ሰጥቶ ታሪኩን መንፈግ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

የአየር ኃይላችን ታሪክ በሚነሣበት ቤት፣ በተለይም አያት ወይም አጎት ደብረ ዘይት ያገለገሉ ከሆነ፣ ሌላም ምርጫ አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ሚግ አውሮፕላኖች በሰማይ የገጠሙት የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ተዋጊዎች ነበሩ። ሃሴጋዋ ኤፍ-5ኢን በ1/32 መጠን ሠርቶታል፤ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ክብ አርማ በቀጭን ብሩሽ በእጅ መቀባት ይቻላል። ሥራው ጥቂት ቅዳሜዎችን ይወስዳል። በእነዚያ ቅዳሜዎች አያት ወንበር ስበው ሲቀመጡና «ይኼኛው ጎማ እንዲህ አልነበረም» ማለት ሲጀምሩ፣ ለዓመታት ያልተነገረ ወሬ ከጠረጴዛው ዙሪያ ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ ብሩሹን አስቀምጠው ያዳምጡ፤ ቀለሙ ይጠብቃል።

ለጉዞዎ

መቼ ይሂዱ? «ሺዙኦካ ሆቢ ሾው» በየዓመቱ በግንቦት ወር «ትዊን ሜሴ» በተባለው አዳራሽ ይካሄዳል። አምራቾች አዳዲስ ሥራቸውን ያሳያሉ፤ የጃፓንና የውጭ አገር የሞዴል ሠሪ ክበቦችም ጠረጴዛ ዘርግተው ሥራቸውን ያቀርባሉ። ለሕዝብ የሚከፈተው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። የመግቢያው ደንብ ስለሚለዋወጥ አስቀድመው ያረጋግጡ።

እንዴት ይሂዱ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶኪዮ ናሪታ ይበራል። ከቶኪዮ ጣቢያ «ሂካሪ» ወይም «ኮዳማ» ባቡር ይያዙ፤ «ኖዞሚ» ሺዙኦካ ላይ አይቆምም።

ምን ይቅመሱ? ጥቁር መረቅ ውስጥ በእንጨት ተሰክቶ የሚቀቀለውን የሺዙኦካ ኦደን ከአካባቢው ሻይ ጋር ይሞክሩ።

ምን ይግዙ? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ልጅ 1/72 ወይም 1/48 ይምረጡ፤ 1/32 ከወላጅ ጋር ለሚሠራ ታዳጊ ይመቻል። ኪቱን በሻንጣ ይዘው መምጣት ይችላሉ። ማጣበቂያው፣ የሚረጨው ቀለምና ማቅጠኛው ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን አይጫኑም። ለመቀባት በውኃ የሚበጠብጡት አክሪሊክ ቀለም ይበቃዎታል። ሲያጣብቁና ሲቀቡ መስኮት ይክፈቱ፤ መቁረጫውንና ማጣበቂያውን ከሕፃናት ያርቁ።